ልክ

ሸዋ በር ነው ሱቄ። ጉም ከጦሳ ወርዶ
መንገዱን ሲውጠው፣ ሰው ከሰው ተጋርዶ፣
ያኔ ነው የሚመጣው፣ ጫማውን አራግፎ፣
በሻሽ የጠፈረውን ደረቱን ደግፎ፣
ትንፋሹን እንደ ሳንቲም ቆጥቦ የሚያወጣ፣
ዘሀራ ብለውት «ይመር ነኝ» እያለ የመጣ።

አሥራ ስድስት ዓመቱ። የሆጤ ተማሪ።
«እትዬ፣ የወንድ ኮት ስፊልኝ፤
ልኬን ውሰጅና ብቻ ለሰው አታውሪ።»
ሜትሬን ዘረጋሁ። ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ፤
ደረቱ ጋ ስደርስ እጄን ያዝ አረገኝ፤
ባዶ ቀረ ያ መስመር፣ የማይነበብ።

ከኪሱ አወጣ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣
ከሚሌ በኩል በጭነት መኪና ታዝሎ
የመጣ ብልቃጥ፣ ፊደሉን የማልለየው።
«በወር ሁለቴ ነው። ድምፄ ይጎረናል። ጺም አበቅላለሁ።
አንቺ መርፌ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ነሽ የምትወጊኝ።»
ሳቅኩ መሰለኝ።
የእኔ መርፌ ጨርቅ እንጂ ሥጋ አያውቅም።

እኔም ወንዳገረድ ተብያለሁ፤
ሰኞ ገበያ ላይ በድንጋይ ተሸኝቻለሁ።
በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ክረምት አንድ ሰው መጥቶ
«ይኸው መድኃኒትሽ» ቢለኝ ክዳኑን ከፍቶ፣
ሳልጠይቅ ነበር ክንዴን የምሰጠው፤
ገላዬን ጠልቼ አይደል፣
ስድቡ ነበር እንጂ ያልቻልኩት ልውጠው።
በሃያ ስምንቴ ጀማነሽ መጣች።
ሴት ሆኜ ሴት መውደድ፤ ለካ ይኼው ኖሯል!
ያኔ ሸጬው ቢሆን ይህን ገላ፣
እሷ የቱን ትስመው ነበር?

እሑድ ማታ ከሱቁ ጓሮ ተሰበሰብን፣
እኛ «ዜጋ» የምንባባል፣ ቀበሌ ያልመዘገበን።
ጀማነሽ፦ «ልጅ ነው። የልጅ ልብስ ጠርዙ
ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሲያድግ እንዲለቀቅ፤
ካንቺው ነው የተማርኩት። የተቆረጠ ግን…»
አልጨረሰችውም።
ሙሄ ጫቱን ወደ ጎን አደረገና፣
«እኛንስ ‘ጠብቁ፣ ያልፋል’ ብለውን የለም?
ጠበቅን። ምን አለፈ? ዕድሜያችን አለፈ።»
አራተኛዋ፣ የጥንት ስሟን የማንጠራው፣
ብርጭቆዋን እያዞረች ቆየች።
«እኔ በሰባት ዓመቴ ነው ያወቅሁት፤ ጥርጥር የለኝም።
ግን ያለ ሐኪም፣ ደም ሳይታይ፣ ከሾፌር እጅ ገዝቼ
ቦሩ ሜዳ ተኝቻለሁ ሁለት ሳምንት፣ ቢጫ ሆኜ፤
ለነርሷ ወባ ነው አልኳት።»
አልተስማማንም።
ሙሄ በሩን ገርበብ አድርጎ ጉሙን አየ፤ ማንም የለም አለ።

ሐሙስ ሲመጣ ነገርኩት፣
ስለ ጠርዙ፣ ስለ ትርፉ ጨርቅ፣ ስለ ያኔዋ እኔ።
ሰማኝ፣ ሰማኝና፦
«እትዬ፣ እሱ ያንቺ ነው።
ያንቺን ልክ ለእኔ አታልብሽኝ።»
ደንበኛ እንዲህ ሲል ሰፊ ምን ይላል?
ልክ ነህ ልለው ነበር። ልክ አይደለህም ልለውም።
ሃያ ዓመት ሰው ለካሁ፤ ልክነትን ግን አላውቅም።

«እኔ ጋ ይቀመጥ» አልኩት ብልቃጡን፣
ከክር ጣሳው ውስጥ፣ «ደግ ሐኪም እስክናገኝ።»
የትኛው ሐኪም? የትኛው አገር?
አልጠየቀኝም። ስለሚወደኝ ነው ያልጠየቀኝ።

ኮቱን ሰፋሁ፤ ደረቱን በግምት፣
እጅጌው ላይ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፌ።
ለብሶት ከመስታወቱ ፊት ቆመ።
ትከሻው ረገበ። የቆጠበውን ትንፋሽ ሁሉ
በአንዴ አወጣው፣ መስታወቱ ጉም ለበሰ።
እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፣ የራሴንም ጨምሮ።
«ይመር» አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ዞረ።

ማታ ሲንጀሩን ስረግጥ
ብልቃጡ ከጣሳው ጋር ይጋጫል፤ ቅጭል፣ ቅጭል።
የምሰፋው የሌላ ልጅ ዩኒፎርም ነው፣
እናቷ «በቶሎ ታድጋለች» ያለችኝ።
ጠርዙን ይዤ ቆሜያለሁ።
ስንት ጣት ልተው?